የክፍል ጓደኛዬን ስለማስተዋወቅ

ለተከበሩ የጥምርና የትብብር የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት፤ ስብሰባ ላይ ከሆኑም ስብሰባው እንዳለቀ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከወንበር ብዛት፣ ዓይንዎም ከወረቀት ብዛት እንዳልደከመብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ጸሐፊዎ ላለፉት አሥራ አራት ወራት በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናቸው፣ ግን የሉም» እያለች ስታጽናናኝ ስለ ከረመች፣ ግማሽ ጭንቀቴን ቀንሳልኛለች። እኔም፣ የሚጠይቀኝ ባይኖርም፣ ደህና ነኝ።

ምናልባት ተዘንግቼ እንደሆነ ራሴን ላስታውስዎት። በሳይንስ ኮሌጁና በሆስፒታሉ የሙያ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን አምስት ዓመት አስተምሮ፣ በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ የሁለቱን ተቋማት ማኅተም የያዘ አንድ ዲግሪ በሚሰጠው መርሐ ግብርዎ የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከተማሪዎቹ አንዷ ነኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ሌላ የለም። ስንጀምር ስድስት ነበርን። ሁለቱ ወደ ፋርማሲ ዞሩ፣ አንዷ አግብታ ባሏ ወዳለበት ሄደች፣ አንዱ ኮምፒውተር ይሻለኛል አለ፣ አምስተኛው ደግሞ አንድ ሰኞ ሳይመጣ ዋለ፣ ማክሰኞም እንደዚያው፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ውስጥ እንደተወ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እኔ ተረፍኩ።

ይህን ደብዳቤ በሁለቱም ተቋማት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ይዞኝ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። አምስት ደብዳቤዎችን በሥርዓቱ አስገብቻለሁ፤ አምስቱም በገቢ መዝገብ ላይ ሰፍረው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ወደ ክቡርነትዎ ቢሮ ገብተዋል፤ የወጡበትን ግን ያየ የለም። በሁለቱም ግቢ ሰሌዳው ከመጸዳጃ ቤቱ መግቢያ አጠገብ ስለሆነ፣ ማንም ሰው በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያልፍበት አይውልም ብዬ ነው። እግረ መንገዴንም ባለፉት ዓመታት ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ብሮሹሩ አመሰግናለሁ። በሁለቱም በሮች የሚታደለው ባለ ቀለም ወረቀት ላይ አምስት ወጣቶች አንድ ማይክሮስኮፕ ከበው ይስቃሉ። በማይክሮስኮፕ ውስጥ የሚያስቅ ነገር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ይሁን እንጂ ፎቶግራፈሩ ሳቁ ስላለን ስቀን ነበር። የሚስቁት አምስቱ መርሐ ግብሩን ጥለው የሄዱት አምስቱ ናቸው። እኔ ከጠርዙ ላይ ቆሜ ስለነበር፣ ወረቀቱ ሲቆረጥ ከእኔ የተረፈው ክርኔ ነው። ከፎቶው አሁንም መርሐ ግብሩ ውስጥ ያለው ብቸኛው የሰውነት ክፍል እሱ ስለሆነ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ስለ እውነተኛነቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ማዶ። የሳይንስ ኮሌጁ ሆስፒታሉን «ማዶ» ይለዋል፤ ሆስፒታሉም ኮሌጁን «ማዶ» ይለዋል። መጽሐፍ ልዋስ ስል ከማዶ ተዋሽ እባላለሁ፤ ማዶ ስሄድ ከማዶ ተዋሽ እባላለሁ። ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ የኮሌጁ ክሊኒክ ሆስፒታል የምትማር ልጅ እዚህ ምን አመጣት ብሎ ተደነቀ፣ የሆስፒታሉ ደግሞ ካርድሽ ማዶ ነው አለኝ፣ ሁለት ታክሲ እየቀያየርኩ ስመላለስ ጥርሱ ራሱ ሰልችቶት ተወኝ። በሁለቱም ግቢ ስሜ «የማዶዋ» ነው። ጥበቃዎቹ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ሁሉ «የማዶዋ መጣች» ይላሉ፤ ክፋት የለበትም፣ አንዳንዱ በፍቅር ጭምር ነው የሚለው። መምህራኑም ስም መጥራት ከተዉ ቆይተዋል፤ እኔ ካልመጣሁ ክፍሉ አይከፈትማ። ስለዚህ አባቴ በስልክ ካልጠራኝ በቀር፣ ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም ሳልሰማ ሳምንቱ ያልቃል። አንድ ጊዜ ፌርማታ ላይ አንዲት እናት ስሜን ጮክ ብላ ስትጠራ ዞሬ «አቤት» አልኩ፤ ልጇን ነበር የምትጠራው።

ሦስተኛ፣ ረቡዕን ስለሰጡኝ። ኮሌጁ በፕሮግራሙ ላይ ረቡዕን ክፍት የተወልኝ ሆስፒታል እንድውልበት ነው፤ ሆስፒታሉም ረቡዕን ክፍት የተወልኝ ኮሌጅ እንድውልበት ነው። በዚህ መተሳሰብ ምክንያት ረቡዕ ረቡዕ የማንም አይደለሁም። የተከራየኋት ክፍል በሁለቱ መሐል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ወደ ሰው ግድግዳ የሚያይ አንድ መስኮት አላት። ልብሴን አጥባለሁ፣ መስኮቱን እወለውላለሁ፣ ወለሉን እጠርጋለሁ፤ ሁሉም አልቆ ሰዓቴን ሳይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ ፌርማታው ላይ ሄጄ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚሳፈረውን ሰው ስመለከት እውላለሁ። መጀመሪያ ላይ የሚሰማኝ ራስ ምታት መስሎኝ ክኒን ገዝቼ ነበር። ብቸኝነት እንደሆነ የገባኝ ክኒኑ ካለቀ በኋላ ነው።

አራተኛ፣ መብቴን ስላከበሩልኝ። እያንዳንዱ ክፍል ተወካዩን መርጦ ቃለ ጉባኤውን በሦስት ቀን ውስጥ ያቅርብ የሚል ማሳሰቢያ ሲወጣ፣ በሩን ዘግቼ ስብሰባውን ከፈትኩ። ራሴን ጠቆምኩ፣ ራሴን ደገፍኩ፣ ተቃውሞ ካለ ብዬም ለወጉ ያህል ትንሽ ጠበቅኩ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። ከዚያ ወዲህ በተወካዮች ስብሰባ ላይ «ለክፍልሽ ልጆች አስተላልፊ» በተባልኩ ቁጥር ያለ አንዳች መዛነፍ አስተላልፋለሁ። የመምህራን መመዘኛውም እንዲሁ ነው፤ ስም እንዳይጻፍበት በቀይ ቀለም የሚያስጠነቅቀውን ቅጽ ሞልቼ ሳጥን ውስጥ በከተትኩ ማግስት፣ መምህሩ ገና ከበሩ ሲገቡ «እሺ፣ ቀስ እያልኩ እናገራለሁ» አሉኝ።

እስከዚህ ያለው ቢያስቅዎት ቅር አይለኝም፤ እኔም ብቻዬን ስቄበታለሁ። ችግሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ደም። በተግባር ልምምድ መዝገባችን ገጽ አሥራ ሁለት ላይ የሰፈረውን ደንብ ክቡርነትዎ ስላጸደቁት አይስቱትም፤ ለሌላው አንባቢ ስል ግን ላንሳው። አንድ የላቦራቶሪ ሠልጣኝ ወደ ታካሚ ከመቅረቡ በፊት ከክፍል ጓደኛው አምስት ጊዜ ደም ይቀዳል፤ የክፍል ጓደኛውም ከእሱ አምስት ጊዜ ይቀዳል፤ ሁለቱም በየዓምዳቸው ይፈርማሉ። የደም አቀዳድ መምህርታችን ምክንያቱን ሲያስረዱኝ፣ መርፌ በክንዱ ገብቶ የማያውቅ ሰው የሌላውን ክንድ ማክበር አይችልም አሉኝ። ይህን ደንብ ከልቤ እወደዋለሁ። በአምስት ዓመት ካነበብኩት ሁሉ ለሰው ተብሎ የተጻፈ የመሰለኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ የክፍል ጓደኛ ይፈልጋል።

ያ ገጽ ሳይሞላ ታካሚ መንካት አይፈቀድልኝም። ስለዚህ ከአራተኛው ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የምውለው ከላቦራቶሪው ኋላ ባለችው ክፍል ነው፤ ሌሎች የቀዱትን ደም ስላይድ ላይ እቀባለሁ፣ ቀለም አስገባለሁ፣ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ከብልቃጡ ላይ የሰዎቹን ስምና ዕድሜ አነባለሁ። ሰዎቹን አንድ ጊዜ እንኳ አይቻቸው አላውቅም። የመጨረሻዎቹን ስድስት ሳምንታት በታካሚዎች ላይ ሳልሠራ ደግሞ በተመራቂዎች ዝርዝር አልገባም፤ ለእነዚህ ሳምንታት የሚመደቡት ሠልጣኞች ዝርዝር የሚዘጋውም በዚህ ሳምንት ዓርብ ነው። ዓርብ ካለፈኝ የሚቀጥለው ምደባ ከዓመት በኋላ ነው።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። አንዲት የነርስ ተማሪ አዝናልኝ ከእኔ ቅጂ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ጽሕፈት ቤትዎ በጸሐፊዎ በኩል፣ የክፍል ጓደኛ ማለት በአንድ መርሐ ግብር የተመዘገበ ማለት ነው ብሎ መለሳት። ቀጥዬ በቀኝ እጄ ከግራ ክንዴ አምስት ጊዜ ቀዳሁ። ላስቲኩን በጥርሴ እየሳብኩ አስሬ፣ መርፌውን ራሴ አስገብቼ፣ ጥጡን በአገጬ ይዤ፣ በሁለቱም ዓምድ ላይ በተለያየ ቀለም ፈረምኩ። ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ተመለሰልኝ፤ ከሥሩም «ሠልጣኝ ለራሱ የክፍል ጓደኛ ሊሆን አይችልም» የሚል ተጽፎበታል። ይህችን መስመር ብዙ ቀን አሰብኩባት። እውነት ናት፤ እኔም ሞክሬ አይቼዋለሁ፣ አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ የሚከተለው በቁጥር አልከፋፈል አለኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የሚኖረው ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ እሱም ብቻውን ነው። ልጄ በአንድ ጊዜ ሁለት ትምህርት ቤት ትማራለች ብሎ ለደንበኞቹ ሁሉ አውርቷል። እሑድ እሑድ ሲደውል ገና ሰላም ሳንባባል «ጓደኞችሽስ?» ይለኛል። ብቻዬን ነኝ ልለው አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ጓደኞች ፈጠርኩ። አንዷ እንቅልፋም ናት፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ግንባሯን አስደግፋ የምትተኛ፤ አንዱ ደም ሲያይ የሚያልበው ነው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ሳትጠየቅ የምትመልስ፣ መምህራኑን ያሰለቸች ናት። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እነዚህን ሦስት ሰዎች በስልክ አሳደግኳቸው። አባዬ ሰላም በዪልኝ ይላል፤ እነሱም ሰላም ብለውሃል እላለሁ። እንቅልፋሟ ፈተና ወደቀች ስለው ከልቡ አዘነ፣ አይዞሽ በያት አለኝ።

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ አባዬ ለአራታችሁም ነጭ ገዋን እሰፋለሁ፣ ልካችሁን ላኪልኝ አለ። የራሴን ልክ ለካሁና፣ ለእንቅልፋሟ ወገቧ ላይ ስምንት ሴንቲ ሜትር ጨመርኩላት፣ ለደም ፈሪው ትከሻውን አሰፋሁለት፣ ሳትጠየቅ የምትመልሰዋን በቁመት አሳጠርኳት። ከወር በኋላ ካርቶኑ በአውቶቡስ ደረሰኝ። ረቡዕ ነበር። የራሴን ለበስኩ፤ ልክ ነው። የእንቅልፋሟን ለማየት ያህል ለበስኩ፤ ልክ ነው። የደም ፈሪው ትከሻ ትከሻዬ ላይ ቁጭ አለ። የአጭሯ እጅጌ አንጓዬ ድረስ መጣ። አራቱም የእኔ ናቸው። አርባ ዓመት የሰው ገላ የለካ ሰው፣ የላክሁለት ቁጥር የሰው ቁጥር እንዳልሆነ ከወረቀቱ ላይ አንብቦታል፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ልጁን አራት ጊዜ ሰፍቶ ላከልኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

በቀጣዩ እሑድ ሲደውል እንደ ወትሮው እንቅልፋሟ ነቃች ወይ አለኝ። ነቅታለች አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ እሑዶች በዚሁ ሁኔታ አለፉ፤ እሱም እያወቀ ይጠይቃል፣ እኔም ማወቁን እያወቅኩ እመልሳለሁ። የአሁኑ ሴሚስተር ሲጀመር ግን መደበቁ ሰለቸኝና፣ አባዬ፣ የክፍል ጓደኛ የለኝም፣ አንድ ብቻ ቢኖረኝ ይበቃኝ ነበር ብዬ የገጽ አሥራ ሁለትን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ የክፍል ጓደኛዬን ላስተዋውቅዎ። ዕድሜው ስልሳ አንድ ነው። ብሮሹርዎ «ዕድሜ አይገድብም» ይላል፤ በማታ ትምህርት ያገኘው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ማጠፊያው እንኳ አልተቀደደም። ለዚህ መርሐ ግብር ማመልከቻ ካየ አራት ዓመት የሞላው የኮሌጁ መዝጋቢ፣ ወረቀቶቹን ደጋግሞ አገላብጦ የሚከለክል ነገር ሲያጣ ወንበር አቀረበለት። መታወቂያ ተሰጠው። በዚያው ወር የወጣው የጽሕፈት ቤትዎ ዘገባም የመርሐ ግብሩ ተማሪዎች ቁጥር በመቶ ፐርሰንት ማደጉን በኩራት ገልጿል፤ ከእኔም፣ ከእሱም እንኳን ደስ ያለዎት።

ሱቁን ዘግቶ ሁለት ሳምንት ከእኔ ጋር ተቀመጠ። እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ ፍራሽ ዘርግቼ መሬት ላይ። ጠዋት ጠዋት የሁሉም ትምህርት ክፍል አንደኛ ዓመቶች የጋራ ትምህርት በሚማሩበት ክፍል ገብቶ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ቀመሩን የልብስ መቁረጫ መስመር በሚያሰምርበት እጅ፣ ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ይገለብጣል። በሦስተኛው ቀን የክፍሉን ሃምሳ ተማሪዎች ስም ሁሉ ያውቅ ነበር። ሃምሳዎቹም «አባባ» እያሉ ወንበር ይለቁለታል፣ ከመምህሩ ያልገባቸውን እሱን ይጠይቁታል፣ እሱም አልገባኝም ይላቸዋል። በሁለት ሳምንት ያፈራው ወዳጅ እኔ በአምስት ዓመት ካፈራሁት በለጠ። ቀናሁበት፤ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ሆስፒታሉ እንሄዳለን። በመጀመሪያው ቀን እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን መደገፊያው ላይ አሳረፈ። ይህ ክንድ በልጅነቴ ታቅፎኝ የሚሰፋበት ክንድ ነው፤ የደም ሥሩን በጣቴ ደጋግሜ ፈለግኩ። «ጨርቅ ነው በዪው» አለኝ። ሁለት ጊዜ ሳትኩ። ሦስተኛው ገባ፤ ደሙ ብልቃጡ ውስጥ ሲወርድ ሁለታችንም አየነው። ክንዱ ለሳምንት ጠቁሮ ነበር፤ ስለ እሱ አንዴም አላነሳም። ይልቅ ታክሲ ውስጥ፣ መርፌ የሚያሳምመው ስታመነቺ ነው፣ ከጀመርሽ አትቁሚ ብሎ በሙያው መከረኝ። አምስተኛውን ሳይሰማው ቀዳሁለት። መምህርቷ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የእኔ ዓምድ ሞላ፣ እሱም በየመስመሩ ፈረመልኝ።

የቀረው የእሱ ዓምድ ነበር። ደንቡ እሱም ከእኔ አምስት ጊዜ እንዲቀዳ ያዛል። መምህርቷ አንድ ሳምንት ሙሉ በጎማ ክንድ ላይ አለማምደውት፣ አሥር ጊዜ አሥሩንም አልሳተም። እጄን ዘረጋሁለት፤ ላስቲኩን አሰረ፣ ቦታውን በጥጥ ጠረገ፣ መርፌውን አነሣ። አርባ ዓመት መርፌ የያዘ እጅ ወደ ክንዴ አልቀርብ አለ። መርፌውን ክዳኑ ውስጥ መልሶ አስቀመጠና ላስቲኩን ፈታልኝ። መዝገቡን ሳበ፤ በባዶው ዓምድ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ «ልጄን አልወጋም» ብሎ ጽፎ ፈረመበት። መምህርቷ ወደ ቧንቧው ዞረው ለረጅም ጊዜ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ገጹን ወደ ክቡርነትዎ ቢሮ ላኩት። ከቢሮዎ የተሰጠኝ ምላሽ፣ አሁንም በጸሐፊዎ አንደበት፣ ሁለተኛው ዓምድ አልተሟላም የሚል ነው።

እነሆ ልመናዬ። በመጀመሪያው ዓምድ ያለውን ይቀበሉልኝ፤ አምስት ጊዜ ቀድቻለሁ፣ የተቀዳለትም በአንድ መርሐ ግብር የተመዘገበ ነው። ሁለተኛውን ዓምድ በተመለከተ፣ ደንቡ የመወጋትን ስሜት እንዳውቀው ከሆነ የፈለገው፣ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዙት ገጽ በእጄ አለ፤ አምስት ጊዜ በገዛ እጄ ተወግቻለሁ። አባቴን ግን ተመለስና ውጋት እንዳይሉልኝ። እሱን ከምጠይቀው ዓርብ ቢያልፈኝ እመርጣለሁ፤ ከኋላ ክፍሏ ውስጥ ስማቸውን ከብልቃጥ ላይ እያነበብኩ አንድ ዓመት መጨመር እችላለሁ። እንደምችል አውቃለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ነገር ግን መልመዴን መቻል አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና አሳስባለሁ። ከስላይዱ ጀርባ ያሉትን ሰዎች ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ከፊቴ ተቀምጦ እጁን ዘርግቶ ያማል ወይ ብሎ እንዲጠይቀኝ፣ እኔም እንድመልስለት እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው የለም።

ለጽሕፈት ቤትዎ የተቀላጠፈ ሥራ፣ ለጸሐፊዎ የጠራ ድምፅ፣ ለክቡርነትዎም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የማያደክም መንገድ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ፤

በሁለቱም ተቋማት የተመዘገቡ፣ በአንዱም የሌሉ፣
የጥምርና የትብብር መርሐ ግብር የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ፣
ከነተወካያቸው።

ግልባጭ፦
ለሳይንስ ኮሌጁ ዲን — ማዶ
ለሆስፒታሉ የሙያ ትምህርት ቤት ኃላፊ — ማዶ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስል፣ ወደ ሱቁ የተመለሰው አባቴ ደወለ። ለአምስት ደብዳቤዎቼ መልስ ያልነበረው ጽሕፈት ቤትዎ፣ ለእሱ ከትምህርት ገበታ በቀረ በሦስተኛው ቀን በክቡርነትዎ ፊርማ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኮለታል፤ ስለ ፍጥነቱ ሁለታችንም ተደንቀናል። ደብዳቤው «ከክፍል ጓደኞችዎ ጋር ተመካክረው በአስቸኳይ ወደ ትምህርትዎ እንዲመለሱ» ይላል። ትእዛዝ ነውና አባዬ እሑድን ሳይጠብቅ ለመመካከር መደወሉ ነበር፤ አንድ ሰዓት ያህል ተመካከርን። እስከ ዓርብ ካልፈረሙልኝ ሱቁን ቆልፎ ሰኞ ክፍል እንደሚገባ፣ እስኪያስመርቁኝም እንደሚማር በጥብቅ እንዳሳውቅዎት አዞኛል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህን ሲለኝ ባይፈርሙም እንደማይከፋኝ ገባኝ። ቢሆንም ይፈርሙ፤ አባቴ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ የኮሌጁ መወጣጫ ደረጃም ብዙ ነው።